አጉል እምነት የት ያበቃል፣ ተስፋስ የት ይጀምራል?

ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። ሁለቱም ለፈተና ብቻ የሚያወጡት አንድ ብዕር አላቸው። ሁለቱም «ገዴ ነው» ይሉታል። ከሩቅ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱ የሚወጣው ብዕሩ የጠፋ ቀን ነው። አንደኛው ቦርሳውን ይበረብራል፣ ያጣዋል፣ «በቃ፣ ዛሬ በሌላ ነው» ብሎ ከጎኑ ካለው ይዋሳል። ጥያቄዎቹን ማንበብ ሲጀምር ብዕሩን ረስቶታል። ሁለተኛውን ላብ ያጠምቀዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስቴ ያነበዋል፣ አይገባውም። የተዋሰውን ብዕር እያገላበጠ ያያል። ሰዓቱ ይሄዳል። ውጤቱ ሲበላሽ ደግሞ ጭንቀቱን አይከስም፤ የሚከሰው የብዕሩን መጥፋት ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ብዕር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

አጉል እምነትን ብዙ ጊዜ የምንለየው በዕቃው ነው። የዕድል ቀለበት ያደረገ፣ ቁጥር የሚመርጥ፣ ዓይኑ ሲርገበገብ የሚደነግጥ ሰው ስናይ «አጉል አማኝ» ብለን እናልፋለን። ይህ አከፋፈል የሚያዋጣ አይመስለኝም። ያው ቀለበት አንዱ ዘንድ ጨዋታ፣ ሌላው ዘንድ እስር ቤት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ነገሩ ሰውየው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሲቀርበት ምን ይሆናል? ሲኖረውስ እጁ ይፍታታል ወይስ ይታሰራል?

መጀመሪያ አጉል እምነት እንዴት እንደሚወለድ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በ1948 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ስምንት የተራቡ እርግቦችን ለየብቻ ሳጥን ውስጥ አስገባ። እህል የሚያቀርበው መሣሪያ በየተወሰነ ሴኮንድ በራሱ ይከፈታል። እርግቧ ብትዘል፣ ብትተኛ፣ ዝም ብትል ለውጥ የለውም። ሰዓቱ ሲደርስ እህሉ ይመጣል። ከስምንቱ ስድስቱ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን «ሥርዓት» አወጡ። አንዷ ሳጥኑ ውስጥ መዞር ጀመረች። ሌላዋ ጭንቅላቷን ወደ አንዱ የላይኛው ጥግ ደጋግማ ትወረውራለች። ሁለቱ ደግሞ ጭንቅላታቸውንና ገላቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። እህሉ የመጣው በዚህ ምክንያት የመሰላቸው ይመስላል።

ስኪነር ያቀረበው ማብራሪያ ቀላል ነው። እህሉ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እርግቧ በአጋጣሚ አንድ ነገር እያደረገች ነበር፤ እየዞረች እንበል። እህሉ ስለመጣ እንደገና ዞረች። ደጋግማ ስትዞር ደግሞ ቀጣዩ እህል እየዞረች ሳለ የመምጣት ዕድሉ ጨመረ። እንዲህ እያለ ሥርዓቱ ራሱን ይመግባል። በ1970ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው፣ ከእንቅስቃሴዎቹ ብዙዎቹ ማንኛዋም እርግብ እህል ስትጠብቅ የምታደርጋቸው ናቸው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሊፍት ሲዘገይበት ቁልፉን አሥር ጊዜ የሚጫነውን ሰው ሳይ ግን ልቤ ወደ ስኪነር ያደላል። ሊፍቱ በመጨረሻ ይመጣልና ሰውየው ነገም ይጫናል።

እንዲህ ያለው ልማድ የማይሞትበት ምክንያት አለው። የሠራበት ቀን ይታወሳል፣ ያልሠራበት ይረሳል። ካልተረሳም ሰበብ ይገኝለታል፦ «በደንብ አላደረግኩትም»፣ «ሰው አየብኝ»፣ «ሰዓቱ አልፎ ነበር»። እምነቱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ቀን የለም። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ይህ የመሃይምነት ጉዳይ ነው? አይደለም። በ1910ዎቹ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የሚባል ፖላንድ የተወለደ አንትሮፖሎጂስት (የሰዎችን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ምሁር)፣ ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ አካል በሆኑት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪዎቹ ጋር ለረጅም ጊዜ ኖሮ ነበር። ሰዎቹ በሁለት ቦታ ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዱ በሪፍ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ድንጋይ ግድብ፣ የተከለለ ጸጥ ያለ ውኃ ነው። እዚያ አደጋ የለም፣ ዓሣውም አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው ክፍት ባሕር ነው። እዚያ ማዕበል አለ፣ ሞት አለ፣ ባዶ እጅ መመለስ አለ። ማሊኖቭስኪ ያየው እንዲህ ነው፤ በጸጥተኛው ውኃ ድግምት የሚባል ነገር የለም፣ ወደ ክፍቱ ባሕር ሲወጡ ግን ድግምቱ ብዙና ጥብቅ ነው።

ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጭንቅላታቸውም ያው ነው። የተለወጠው ውኃው ነው። ዕውቀታቸው በሚበቃበት ቦታ በዕውቀታቸው ይሠራሉ። ዕውቀት በማይደርስበት ቦታ ፍርሃቱን የሚያስታግስ ነገር ይፈልጋሉ። ዘመናዊ ስፖርተኞችም እንዲሁ ናቸው። ቀድሞ ራሱ ተጫዋች የነበረው አንትሮፖሎጂስት ጆርጅ ግሜልች ቤዝቦልን (የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ) ሲያጠና፣ ልማድና ሥርዓት የበዛው ኳስ በሚወረውሩትና በሚመቱት ላይ ሆኖ አገኘው፤ እነዚህ ሥራዎች ዕድል የሚጫወትባቸው ናቸው። ኳሱን ይዘው የሚመልሱት ግን እምብዛም አይሳሳቱምና ብዙም ገድ አይፈልጉም። ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ ደግሞ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ነገሮች ከቁጥጥራቸው ውጭ እንደሆኑ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች ትርጉም በሌለው የነጠብጣብ ሥዕል ውስጥ የሌለ ቅርጽ የማየት ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል።

የተማረ ሰውም አያመልጥም። በ1986 ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ የሠሩት ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ተሳታፊው እያየ ስኳር ከፋብሪካ እሽጉ ወጥቶ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለት ምልክት ይሰጠዋል። አንዱ «ስኳር» ይላል፣ ሌላው «ሳያናይድ፣ መርዝ»። የትኛውን የትኛው ጠርሙስ ላይ እንደሚለጥፍ የሚወስነው ራሱ ነው። ከሁለቱም ስኳር ተወስዶ በውኃ ተበጥብጦ ሲቀርብለት ግን «ሳያናይድ» ካለበት የተቀዳውን ለመጠጣት ያመነታል። በእጁ የለጠፈውን! አእምሮው «ስኳር ነው» ይላል፣ ሰውነቱ «ተወው» ይላል።

ስለዚህ ያ ብልጭ የሚል ስሜት ማናችንም ውስጥ አለ፤ እሱ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን እናደርጋለን የሚለው ነው። አጉል እምነት ስሜቱን ውል ያደርገዋል፦ «ይህን ካደረግሁ ይጠብቀኛል፤ ካላደረግሁ ወዮልኝ»። ተስፈኛው ሰው ስሜቱን ይቀበለዋል፣ ግን አይፈርምለትም።

ውሉ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ከአፖሎ 13 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አፖሎ 13 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ የተወነጨፈችው ኤፕሪል 11 ቀን 1970 ነው። ሰዓቱ በሂዩስተን መቆጣጠሪያ ማዕከል በ24 ሰዓት አቆጣጠር 13፡13 ነበር። የኦክስጅን ጋኗ የፈነዳው ኤፕሪል 13 ማታ ነው። በምዕራባውያን ዘንድ ገደ ቢስ የሚባለውን 13ን ለሚፈራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? «አላልኳችሁም?» ለማለት ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል። ነገር ግን ይህ መልስ በር ይዘጋል። 13 ነው ካልን መርማሪ አያስፈልግም፣ ቀጣዩን ጉዞ 14 ብሎ መሰየም ብቻ ይበቃል።

መርማሪዎቹ ያገኙት ሌላ ቁጥር ነው። ጋኑ ውስጥ ማሞቂያውን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የተሠራው 28 ቮልት እንዲችል ነው። በማስወንጨፊያው ጣቢያ ያለው የኃይል ምንጭ ግን 65 ቮልት ነበር። ጋኑ ከጉዞው በፊት ለሰዓታት ሲሞቅ ማብሪያ ማጥፊያው ተጣብቆ ቀረ፣ ሙቀቱም የሽቦውን ልባስ አበላሸው። ከቀናት በኋላ ሕዋ ላይ ሽቦው እሳት አስነሳ። ይህ ስለታወቀ ጋኑ እንደገና ተነደፈ፣ አፖሎ 14ም በ1971 መጀመሪያ ሄዳ ተመለሰች። 28 እና 65 የሚጠገን ነገር ናቸው። 13 ምኑ ይጠገናል?

የተስፋው ወገን ደግሞ እዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። ከፍንዳታው በኋላ ጠፈርተኞቹ ጂም ላቬል፣ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ ለሁለት ሰው ለሁለት ቀን ገደማ በተሠራች የጨረቃ ማረፊያ ውስጥ ሦስት ሆነው አራት ቀን ገደማ መቆየት ነበረባቸው። ከትንፋሻቸው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማች ጀመር። የዋናዋ መንኮራኩር ማጣሪያዎች አራት ማዕዘን ናቸው፣ የማረፊያዋ ቀዳዳ ግን ክብ ነው። መሬት ላይ ያሉት መሐንዲሶች ጠፈርተኞቹ እጅ ላይ ያለውን ዓይነት ዕቃ ሰበሰቡ፦ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ካርቶን፣ የልብሳቸውን ቱቦ፣ ፕላስተር። ከዚያ ማጣሪያውን ከቀዳዳው የሚያገናኝ ነገር ፈጠሩ፣ አሠራሩንም በሬዲዮ አነበቡላቸው። ኤፕሪል 17 ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ። እነዚያ መሐንዲሶች ይሳካል ብለው እርግጠኛ የሚሆኑበት ምክንያት አልነበራቸውም። አይሳካም ብለው የሚቀመጡበትም አልነበረም። የኔ የተስፋ ትርጉም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሳይንሱም ቅርብ ነው፤ ተስፋን ለዓመታት ያጠናው ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሲ. አር. ስናይደር ሁለት ነገር አንድ ላይ ካልተገኘ ተስፋ አይለውም ነበር፤ አንዱ ቁርጠኝነት ነው፣ ሌላው መንገድ መፈለግ።

አጉል እምነት ሁልጊዜ እንደ ብዕሩ ባለቤቱን ብቻ ጎድቶ አይቀርም። ጃፓን ውስጥ በየ60 ዓመቱ የሚመጣ «ሂኖኤ ኡማ» የሚባል ዓመት አለ። በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ኃይለኛ ትሆናለች፣ ባሏንም ታጠፋለች ይባላል። ዓመቱ 1966 ላይ ዋለ። በ1965 ጃፓን ውስጥ 1.82 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ1966 ቁጥሩ ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ። በ1967 እንደገና ወደ 1.94 ሚሊዮን ወጣ። ፋብሪካና ፈጣን ባቡር ባለበት አገር፣ በአንድ ዓመት ሩብ ያህል ልደት ጎደለ።

ከእነዚያ ወላጆች ብዙዎቹ ተረቱን ከልባቸው ያመኑ አይመስለኝም። «እኔስ አላምንም፣ ግን ልጄ ስታድግ ማን ያገባታል?» የሚለው ሒሳብ ይበቃል። አጉል እምነት ማንም ሳያምነው የሚኖረው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ያምናል ብሎ ይፈራል። ጉዳዩ ሲከፋ ደግሞ የሚወነጀል ሰው ይፈልጋል። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉትን ታሪክ ጸሐፊዎች ከ40 እስከ 60 ሺህ ይገምቷቸዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ተስፋ ጥፋተኛ ፍለጋ አይወጣም። እኔ ሁለቱን ስለይ ቀድሜ የማየው ይህን ነው፦ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ማን ይከፍላል?

አሁን ወደ ተስፈኛው ዓይን እንምጣ። ይህ ሰው ዓለምን በመደነቅ ያያል። ዓመታት ያላየውን ጓደኛውን ባልጠበቀው መንገድ ላይ ያገኘዋል እንበል፣ ያውም በጣም በፈለገው ቀን። «እንዴት ያለ ቀን ነው!» ይላል። ይደሰታል፣ ለሰው ያወራል፣ ምናልባት ከላይ የተላከለት ስጦታ አድርጎ ያየዋል። በማግስቱ ግን በሌላ መንገድ መሄድ ቢኖርበት ይሄዳል። አጉል አማኙ በማግስቱም በዚያው መንገድ ይመጣል፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ጫማ አድርጎ። ስጦታው ዕዳ ሆኖበታል።

«ሃይማኖትስ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሃይማኖት ከዚህ ጽሑፍ በላይ የሰፋ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ የሚጸልይ ሰው ውጤቱን ለሌላ ትቷል። ቃሉን በትክክል ሰባት ጊዜ ካልደገምኩ አይሠራም ብሎ የሚብሰለሰል ሰው ግን እጅ እየጠመዘዘ ነው። ሃይማኖቶች ራሳቸው ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምሩት ኖረዋል።

እንግዲህ ሥርዓትና ምልክት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2010 ቴድ ካፕቹክ የሚመሩት ቡድን አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠው። አልተዋሹም። «ውስጡ መድኃኒት የለም» ተብለው በግልጽ ተነገራቸው፣ በቀን ሁለቴ እንዲውጡም ተጠየቁ። ሌላው ቡድን ያንኑ የሐኪም ክትትል አገኘ፣ ክኒን ግን አልተሰጠውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክኒኑን ከወሰዱት 59 በመቶው በቂ እፎይታ አግኝተናል አሉ፤ ካልወሰዱት ደግሞ 35 በመቶው። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው። የተለካውም ሰዎቹ የሚሰማቸው ሕመም እንጂ የተሰበረ አጥንት መጠገን አይደለም። ቢሆንም ሰው ሥርዓት መሆኑን እያወቀ ከሥርዓት ሊጠቀም እንደሚችል ይጠቁማል። ራስን ማታለል ግዴታ አይደለም።

የዕድል ዕቃ ግን ብቃት ይጨምራል ብላችሁ አትቸኩሉ። በዚያው በ2010 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሙከራ «ይህቺ ኳስ ዕድለኛ ናት» የተባሉ ሰዎች የጎልፍ ኳስ ወደ ጉድጓዷ አብልጠው አስገቡ ብሎ በየጋዜጣው ተወራ። በ2014 በብዙ ሰው ሲደገም ልዩነቱ ጠፋ። ሁለተኛው ዜና እንደ መጀመሪያው አልተወራም። የሠራው ይታወሳል፣ ያልሠራው ይረሳል ብለን አልነበር?

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ተስፋ የሚመስለው አጉል እምነት ነው። ፈገግ ስለሚል አናውቀውም። «መልካሙን ብቻ አስብ፣ ያሰብከው ወደ አንተ ይመጣል» ይላል። መልካም ማሰብ ምን ክፋት አለው? ምንም። ነገር ግን ሳንቲሙን ገልብጡት፤ መልካም ማሰብ መልካሙን ካመጣ ክፉ ማሰብ ክፉውን ሊያመጣ ነው። ያኔ ሰውየው የገዛ ሐሳቡን መፍራት ይጀምራል። ስለ በሽታ ማውራት ሟርት ይሆንበታል። ምርመራ መሄድ «በሽታ መጥራት» ይሆናል። የመጠባበቂያ ዕቅድ ማውጣት እምነት ማጉደል ይመስለዋል። የታመመችውን ሴት ደግሞ በልቡ «ምን ብታስብ ነው?» ይላታል። ይህ ከብዕሩ ጋር አንድ ነው፤ ብዕሩ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ።

ጋብሪዬለ ኦቲንገን የተባለች ተመራማሪ ይህንን በቁጥር ለማየት ሞክራለች። በ1991 በወጣው ጥናቷ ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶችን ተከታተለች። ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። ቀጭን ሆነው ሲደነቁ፣ ሁሉ ነገር ቀላል ሲሆንላቸው በጣፋጭ ምናብ ያዩት ግን ከሌሎቹ 11 ኪሎ ገደማ ያነሰ ቀነሱ። ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። አንደኛዋ «እችላለሁ» ትላለች። ሌላዋ ድሉን በምናቧ አጣጥማ ጨርሳለች፤ ለሥራው የሚነሳ ጉልበት የላትም። ኦቲንገን በኋላ ያቀረበችው ዘዴ ምኞቱን ካዩ በኋላ ወዲያው «ምን ያደናቅፈኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አጉል እምነት ይህንን ጥያቄ አይወድም፤ ተስፋ ግን ይችለዋል።

የራሳችሁን ልማድ ለመመርመር ብትፈልጉ ትንሽ ቀን ምረጡ። ትልቅ ፈተና ወይም ቀዶ ሕክምና ያለበት ቀን አይሁን። ልማዱን አውቃችሁ ዝለሉትና ራሳችሁን ተመልከቱ። ትንሽ ቅር ብሏችሁ ካለፈ፣ ጨዋታ ነበርና በደስታ ቀጥሉበት። ያለ ጨዋታ ሕይወት ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ከረበሻችሁ ውል ገብታችኋል ማለት ነው። የሌላ ሰው ልማድ ከሆነ ግን ነጥቆ መጣል አይሠራም። ሰውየው ክፍት ባሕር ላይ ነው፤ ፍርሃቱን ሳታቃልሉለት መያዣውን ብትወስዱበት ሌላ ይፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከሁለቱም ያልፋል። በሩን ሃያ ጊዜ ሳይነካ መውጣት የማይችል፣ አንድ ቁጥር ካልቆጠረ ቤተሰቡ የሚሞት የሚመስለው፣ በዚህም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያጠፋ ሰው ምናልባት ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ የእምነት ማነስም የሞኝነትም ጉዳይ አይደለም፣ ሕክምናም አለው። በደንብ ከተፈተኑት ሕክምናዎች አንዱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰውየው ከባለሙያ ጋር ሆኖ ከቀላሉ ጀምሮ የሚያስፈራውን ነገር ይጋፈጣል፣ ሥርዓቱን ሳይፈጽም ይቆያል፣ ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድም ይጠብቃል።